ፈጥኖ የሚሽር ቁስል ሲጎዳ፦ የግላኮማ ቀዶ ሕክምናና ጠባሳ የሚገቱ መድኃኒቶች

የግላኮማ ቀዶ ሕክምና ከሌሎች የሚለየው ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከሻረ ሥራው መና ስለሚቀር ነው። በግላኮማ በአብዛኛው የዓይን ውስጥ ፈሳሽ እንደሚገባው ስለማይወጣ ግፊቱ ከፍ ይልና የእይታ ነርቭን ይጎዳል። ጠብታና ሌዘር ካላወረዱት ትራቤኩሌክቶሚ ይደረጋል። ይህ ዘዴ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። በላይኛው የዓይን ቆብ ሥር ባለው ነጭ ክፍል ላይ እንደ ክዳን የሚከፈት ቁራጭ ይሰነጠቅና ከሥሩ ቀዳዳ ይበጃል። ፈሳሹ በዚያ እየሾለከ በስሱ የዓይን ሽፋን ሥር ትንሽ እብጠት ይሠራል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ይመጠጣል።

ሰውነት ግን ቀዳዳውን እንደ ማንኛውም ቁስል ይቆጥረዋል። ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሕዋሳት ይራቡና ኮላጅን ያመርታሉ፤ ጠባሳው መውጫውን ሲደፍን ግፊቱ ይመለሳል። አደጋው በወጣቶች፣ በአፍሪካውያንና በዘር ግንዳቸው አፍሪካውያን በሆኑ ሰዎች፣ እንዲሁም ዓይናቸው ቀድሞ ቀዶ ሕክምና በተደረገለት ታካሚዎች ላይ ይበረታል።

ይህን የሚገቱት ሁለቱ ዋና መድኃኒቶች መጀመሪያ የካንሰር መድኃኒቶች ነበሩ፤ በፍጥነት የሚራባን ሕዋስ ያስቆማሉና። ፋይቭ ፍሎሮዩራሲል ሕዋሱ ዲኤንኤውን በሚያባዛበት ጊዜ ያግደዋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም በዓይን ሽፋን ሥር በተደጋጋሚ ሊወጋ ይችላል፤ ጉዳቱ የዓይኑን ብሌን የላይ ሽፋን መላጡ ነው። ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘው ማይቶማይሲን ሲ ደግሞ የዲኤንኤን ክሮች እርስ በርስ ያቆላልፋል፤ ከፊተኛው የበረታ ነው። ሐኪሙ ሐምራዊ በሆነው መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ስፖንጆችን ከሽፋኑ ሥር ይሸጉጣል። መጠኑ ብዙውን ጊዜ በሚሊ ሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም፣ ጊዜውም ከ1 እስከ 5 ደቂቃ ነው። ከዚያ ስፖንጆቹ ይወጡና ቦታው በብዙ ፈሳሽ ይታጠባል። እብጠትን የሚቀንስ የስቴሮይድ ጠብታም ለሳምንታት ይታዘዛል።

መድኃኒቱ ሲበዛ ግን ችግሩ ይገለበጣል። ፈሳሹ ከልክ በላይ ከወጣ ግፊቱ በጣም ወርዶ እይታ ይደበዝዛል። ሽፋኑ ሲሳሳ ደግሞ ፈሳሽ ወደ ውጭ ያሾልካል፤ ጀርምም ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ከዓመታት በኋላም ስለሚደርስ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ዓይን ቢቀላ፣ ቢያም ወይም እይታው ቢቀንስ በዚያው ቀን ለሐኪም መታየት አለበት።