የሠራተኛ ስምሪት ገበያ፦ ለየብቻ ውል ወይስ የጋራ ወለል?

ወደ ዓረብ አገሮች ሠራተኛ በመላክ ሥራ የተሰማሩ ባለሀብቶች ጥቅምት 2006 ዓ.ም.ን የሚረሱት አይደለም። መንግሥት በዚያ ወር ለሥራ ወደ ውጭ የሚደረግ ጉዞን ሲያግድ ቢሮ ከፍተው፣ ዋስትና አስይዘው ይሠሩ የነበሩ ኤጀንሲዎች ገበያቸው በአንድ ጊዜ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች።

የነገሩ መነሻ ግን ከዚያ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንዶኔዢያና ፊሊፒንስ ለቤት ሠራተኞቻቸው የተሻለ ደመወዝና ጥበቃ ቢጠይቁ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ለሁለቱ አገሮች የቤት ሠራተኞች ቪዛ መስጠት አቆመች። ሁለቱ ሻጮች ዋጋ ሲጨምሩ ገዥው ፊቱን ወደ ሌሎች አዞረ። ከእነዚህም አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

ኢትዮጵያ ከዚህ በመማር በ2008 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 923 ሠራተኛ የሚላከው የሁለትዮሽ ስምምነት ወደ ተፈረመበት አገር ብቻ እንዲሆን ደነገገች። ከኤጀንሲም የ100,000 የአሜሪካ ዶላር ዋስትና ተጠየቀ። እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው።

የሁለትዮሽ ውል ፋይዳ የለውም አይባልም። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ስትዋዋል ለቤት ሠራተኛ በወር 400 ዶላር ዝቅተኛ ደመወዝ አስወስናለች። በ2018 ደግሞ ሠራተኛ መላክ አቁማ ከቆየች በኋላ ኩዌትን አስፈርማለች። ሆኖም የውሉ ጥራት የሚለካው በተዋዋዩ ጉልበት ነው። ብዙ ሥራ አጥ፣ ጥቂት የውጭ ምንዛሪ ያለው አገር ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው አቅሙ አንሶ ነው።

ሁሉንም ሻጭና ገዥ በአንድ ሕግ ለማሰር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 የስደተኛ ሠራተኞችን መብት የሚያስጠብቅ ስምምነት አጽድቋል፤ ሥራ ላይ የዋለው በ2003 ነው። ካጸደቁት የሚበዙት ሠራተኛ ላኪዎች ሲሆኑ፣ ከባሕረ ሰላጤው ትብብር ምክር ቤት አባላት አንድም የለበትም። ኢትዮጵያም አላጸደቀችውም። በ2018 ጠቅላላ ጉባዔው በ152 ድምፅ የተቀበለው የፍልሰት ሰነድም ቢሆን አስገዳጅ አይደለም።

የቡና ነጋዴ ይህን ያውቀዋል። ዓለም አቀፉ የቡና ኮታ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲቋረጥ ሻጮች ተሽቀዳድመው ገበያውን አጥለቀለቁት፤ ዋጋውም አሽቆለቆለ። በሠራተኛ ገበያም ላኪ አገሮች ከመዋዋላቸው በፊት እርስ በርስ ተስማምተው ከዚህ በታች አንልክም ካላሉ፣ አንዱ የከለከለውን ሌላው በርካሽ ያቀርበዋል።

እስከዚያው ወደዚህ ሥራ የሚገባ ባለሀብት ከኮሚሽኑ በፊት ውሉን ማንበብ ይበጀዋል። የቪዛና የትኬት ወጪ በማን ላይ ነው? ደመወዝ ሲቀር ሠራተኛዋ አቤት የምትለው ለማን ነው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ውል ዛሬ ቢያተርፍም፣ ሠራተኛዋን ያለ ጠያቂ፣ ኤጀንሲውንም እንደ 2006ቱ ያለ ገበያ ሊያስቀር ይችላል።