በ7 ቴስላ የአንጎል ምርመራ ስብን ማፈንና ወጥ ምስል ማግኘት



በሆስፒታሎቻችን የለመድነው የኤምአርአይ መሣሪያ 1.5 ቴስላ ነው። 7 ቴስላ የሚደርሰው መሣሪያ የአንጎልን ረቂቅ ክፍሎች አጉልቶ ያሳያል፤ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕክምና ተፈቅዷል። ይሁን እንጂ መስኩ ሲበረታ ሁለት ችግሮች ይከተላሉ። እንደ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ይቆጠራሉ፤ እኔ ግን የተሳሰሩ መሆናቸውን ላስረዳ።

አንደኛው የምስሉ ወጥ አለመሆን ነው። በ7 ቴስላ የምንጠቀምበት የራዲዮ ሞገድ ድግግሞሽ ወደ 300 ሜጋኸርዝ ይጠጋል። ሞገዱ አንጎል ውስጥ ሲገባ ርዝመቱ ወደ 13 ሳንቲ ሜትር ያጥራል፤ ይህ ከጭንቅላት ስፋት ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ሞገዶቹ መሐል ላይ ይደጋገፋሉ፤ በጎን ይዳከማሉ። መሐሉ ሲፈካ በጆሮ በኩል ያለው ቴምፖራል ሎብ ይደበዝዛል። የሚጥል በሽታ መነሻ የሆነ ጠባሳ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ደግሞ እዚያው ነው።

ሁለተኛው ስብ ነው። የስብና የውኃ ፕሮቶኖች የድግግሞሽ ልዩነት በ1.5 ቴስላ 220 ኸርዝ ገደማ ነው፤ በ7 ቴስላ ወደ 1000 ኸርዝ ያድጋል። በፈጣን ቀረጻ ለአንድ ፒክሰል 20 ኸርዝ ቢደርሰው፣ የራስ ቆዳ ስብ 50 ፒክሰል ተንሸራትቶ አንጎሉ ላይ ያርፋል። ይህን ለመከላከል ስብን ብቻ የሚያፍን የራዲዮ ምት አስቀድመን እንልካለን። ምቱ ግን ያው ያልተስተካከለ ሞገድ ነው፤ በደከመበት ቦታ ስቡ ሳይታፈን ይቀራል። ኃይሉን እንጨምር ብንል የታካሚው ሰውነት ይሞቃል።

መፍትሔውም ከዚሁ ይነሣል። የካልሲየም ታይታኔት ልቁጥ የያዘ ትራስ በጆሮ በኩል ሲደረግ የደከመውን ሞገድ በአካባቢው ያበረታል። በርካታ አንቴናዎችን ለየብቻ ማዘዝ ደግሞ ሞገዱን በመላው አንጎል ያስተካክላል። ለስፒን ኤኮ ቀረጻ ሌላም ዘዴ አለ፤ ቀስቃሹና መላሹ ምት በተለያየ የግራዲየንት ጥንካሬ ይላካሉ። የውኃው ቁራጭ በሁለቱም ምት አንድ ቦታ ላይ ይገጥማል፤ የስቡ ግን አይገጥምም፤ ስለዚህ ምልክት አይሰጥም። ተጨማሪ የማፈኛ ምት አያስፈልግም። ያስቸገረን የ1000 ኸርዝ ልዩነት እዚህ አጋዥ ይሆናል፤ ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር መለየቱ ይቀላል።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ በ7 ቴስላ ምስል ላይ ጥቁር ስፍራ ስታዩ በሽታ ከማለታችሁ በፊት የሞገዱን ስርጭት ካርታ ጠይቁ። ጥላን ጠባሳ ማለት በታካሚው ላይ የሌለ በሽታ መጫን ነው፤ ጠባሳን ጥላ ብሎ ማለፍም ያለውን መሸሸግ ነው።