የተማሪዎች ምዝገባ ከወረቀት ወደ ዲጂታል ቅጽ ሲሸጋገር፦ ወላጆችና አሳዳጊዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በየዓመቱ በክረምቱ ወራት ወላጆችና አሳዳጊዎች የልጆቻቸውን የልደት ሰርተፍኬት፣ ያለፈውን ዓመት የውጤት ካርድና ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘው በትምህርት ቤቶች መዝገብ ቤት ደጃፍ ይሰለፋሉ። መዝጋቢው ሠራተኛ ትልቁን መዝገብ ገልጦ የተማሪውን ሙሉ ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የመኖሪያ አድራሻና የወላጅ ስልክ ቁጥር በእጁ ይጽፋል። ያንኑ መረጃ በክፍል ስም ዝርዝር፣ በሮስተር፣ በውጤት ካርድና ተማሪው ሲዛወር በመሸኛ ደብዳቤው ላይ ይደግመዋል። በዚህ አሠራር የአንድ ተማሪ ስም በአንድ የትምህርት ዘመን ውስጥ ብዙ ጊዜ በእጅ ይገለበጣል፤ በተገለበጠ ቁጥርም ፊደል የመቀየር፣ ቀን የመዛባት ዕድሉ ይጨምራል።

በዲጂታል ቅጽ የሚከናወን ምዝገባ በዋናነት የሚለውጠው ይህን ነው። መረጃው አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ የስም ዝርዝሩም ሆነ የውጤት ካርዱ ከዚያው ምንጭ ይወጣል። ጠቀሜታው ግልጽ ቢሆንም ጥንቃቄም ይፈልጋል። በትክክል የተመዘገበ ስም እስከ 12ኛ ክፍል በትክክል ይሄዳል፤ በስህተት የተመዘገበውም እንደዚሁ እስከ 12ኛ ክፍል ይሄዳል። በመሆኑም ወላጆች በምዝገባው ዕለት ቅጹን ለማንበብ የሚያጠፉት ጥቂት ደቂቃ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ምዝገባው የት ይደርሳል?

ትምህርት ቤቶች የተማሪዎቻቸውን ቁጥር በየዓመቱ በመጠይቅ ሞልተው በወረዳ፣ በዞንና በክልል ትምህርት መዋቅሮች በኩል ወደ ሚኒስቴሩ ያደርሳሉ። ይህ የትምህርት አመራር መረጃ ሥርዓት ተብሎ የሚታወቅ ሲሆን፣ በየዓመቱ የሚታተመው የትምህርት ስታቲስቲክስ መድበል የሚዘጋጀውም ከዚሁ ነው። የወረቀቱ መጠይቅ ግን የሚነግረው በአንድ ክፍል ውስጥ ስንት ወንድና ስንት ሴት ተማሪ እንዳለ እንጂ ተማሪዎቹ እነማን እንደሆኑ አይደለም። ስለዚህ በዓመቱ አጋማሽ ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላ የተዛወረ ልጅ በሁለቱም ቦታ ሊቆጠር ይችላል። በተቃራኒው ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ «ተዛውሮ ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል፤ የሚፈልገውም ሰው አይኖርም።

ጉዳዩ የቁጥር ብቻ አይደለም። የመማሪያ መጽሐፍ የሚታተመው፣ መምህር የሚመደበውና ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ የሚሰጠው የድጎማ ገንዘብ የሚሰላው በዚሁ አኃዝ ነው። ቁጥሩ ከእውነታው ሲያንስ ሦስት ልጆች አንድ መጽሐፍ ይጋራሉ፤ ሲበዛ ደግሞ መጽሐፉ በአንዱ ትምህርት ቤት ግምጃ ቤት ተከማችቶ ሌላው ይቸገራል። እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ መለያ ቁጥር ሲመዘገብ አንድ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል፤ ከአንዱ ወጥቶ በሌላው ያልተመዘገበ ልጅ እንዳለም በጊዜ ይታወቃል።

የተማሪው መለያ ቁጥር ከፋይዳ ቁጥር የተለየ መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። ፋይዳ በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት ለነዋሪዎች የሚሰጥ ባለ 12 አኃዝ መለያ ሲሆን፣ የተማሪ መለያ ቁጥር ደግሞ በትምህርት ሥርዓቱ ውስጥ ብቻ የሚያገለግል ነው። በቅጹ ላይ ለሁለቱም የተለያየ ቦታ ካለ አንዱን በሌላው ቦታ መጻፍ መዝገቡን ያዛባል።

ስም፦ አብዛኛው ስህተት የሚፈጠርበት ቦታ

በወረቀት መዝገብ ላይ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» ወይም «ሐይሉ» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው አንድ ሰው መሆኑን ያውቃል። ኮምፒውተር ግን አያውቅም፤ ለእርሱ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በንግግር ድምፃቸው አንድ ቢሆንም በዲጂታል መዝገብ ውስጥ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ልጅቷ በአንደኛ ክፍል «ፀሐይ» ተብላ ከተመዘገበች በኋላ በሌላ ትምህርት ቤት «ጸሀይ» ተብላ ብትፈለግ መዝገቧ ላይገኝ ይችላል፤ አዲስ ተማሪ ተደርጋም ሁለተኛ መዝገብ ሊከፈትላት ይችላል። ጥሩ ሥርዓት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አቀራርቦ ይፈልጋል፤ ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ በልደት ሰርተፍኬቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል መጠበቅ ነው።

ሌላው ችግር ከሁለት ቃላት የተገነቡ ስሞች ናቸው። ዲጂታል ቅጽ አብዛኛውን ጊዜ ለስም፣ ለአባት ስምና ለአያት ስም ሦስት የተለያዩ ሳጥኖች አሉት። «ገብረ መድኅን»፣ «ኃይለ ማርያም» ወይም «ወልደ ሰንበት» የሚል ስም ያለው ተማሪ ሲመዘገብ ጸሐፊው «ኃይለ»ን በመጀመሪያው፣ «ማርያም»ን በሁለተኛው ሳጥን ቢጽፍ፣ የአባቱ ስም ወደ አያት ቦታ ተገፍቶ የአያቱ ስም ከነአካቴው ይቀራል። በወረቀት ላይ በአንድ መስመር የሚጻፍ ሙሉ ስም እንዲህ ያለ ስህተት ስለማያሳይ፣ ብዙ ወላጆች ነገሩ የሚገባቸው የልጃቸው ውጤት «በማይታወቅ ስም» ሲወጣ ነው። እንዲህ ያለ ስም ሁለቱም ክፍሎች በአንድ ሳጥን ውስጥ መጻፍ ይኖርባቸዋል። ተያይዞ ይጻፍ ወይስ ተለያይቶ የሚለውም በልደት ሰርተፍኬቱ ይወሰናል።

ቅጹ ስምን በላቲን ፊደልም የሚጠይቅ ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። አንድ የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል በብዙ መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል፣ ልጁ ፓስፖርት ወይም የፋይዳ መታወቂያ ካለው ከዚያ ላይ መገልበጥ ይገባል። ከሌለው ደግሞ ቤተሰቡ አንድ አጻጻፍ መርጦ ለወንድምና ለእኅትም የአባትን ስም በዚያው ቢያጸና በኋላ ላይ ከብዙ ምልልስ ይድናል።

በቤት የሚጠራበት ስም ወይም የክርስትና ስም በቅጹ ላይ አይሞላም። ልጁ በክፍል ውስጥ በዚያ ስም ቢታወቅም እንኳ።

የልደት ቀንና የዘመን አቆጣጠር

ሁለተኛው የስህተት ምንጭ ቀን ነው። ቅጹ የልደት ቀንን በኢትዮጵያ ወይስ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ማየት ያሻል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም፤ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ ጎርጎርዮሳዊው ታኅሣሥ ወር መጨረሻ ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ 8 ዓመት ነው። ለምሳሌ ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በጎርጎርዮሳዊው ጃንዋሪ 9 ቀን 2018 ተወልዷል፤ ልዩነቱ 8 ነው። መስከረም 5 ቀን 2010 ዓ.ም. የተወለደችው ግን ሴፕቴምበር 15 ቀን 2017 ነው፤ ልዩነቱ 7 ነው። በልማድ 8 የሚደምር ሠራተኛ ይህችን ልጅ በአንድ ዓመት ያሳንሳታል፤ የአንደኛ ክፍል መግቢያ ዕድሜ 7 ዓመት በመሆኑም «ገና አልደረሰችም» ተብላ ልትመለስ ትችላለች።

በጳጉሜን የተወለዱ ልጆችም ልዩ ትኩረት ይሻሉ። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ 6 ቀን ትሆናለች፤ 2007፣ 2011 እና 2015 ዓ.ም. እንዲህ ነበሩ። 13ኛውን ወር የማያውቅ ወይም ከ5 ቀን በላይ የማይቀበል ቅጽ ካጋጠመ መዝጋቢው ቀኑን ወደ ነሐሴ 30 ወይም ወደ መስከረም 1 «ጠጋ አድርጎ» መጻፍ የለበትም፤ የቅጹ ጉድለት ለሚመለከተው የመረጃ ባለሙያ ሊነገርና ሊታረም ይገባል። የአንድ ቀን ልዩነት ቀላል ቢመስልም በልደት ሰርተፍኬትና በትምህርት ማስረጃ መካከል የተፈጠረ ልዩነት ሆኖ ከዓመታት በኋላ ይመጣል።

የልደት ሰርተፍኬት የሌላቸው ልጆች

በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ቢደነግግም ጊዜው ያለፈበት ልደትም በቀበሌ ወይም በወረዳ የክብር መዝገብ ጽሕፈት ቤት ሊመዘገብ ይችላል። ቤተሰቦች ይህን የትምህርት ምዝገባው ከመድረሱ ወራት አስቀድመው ቢፈጽሙ ይመረጣል፤ በነሐሴ መጨረሻ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲመጣ በጽሕፈት ቤቶቹ የሚፈጠረው ወረፋ የታወቀ ነው።

ሰርተፍኬት አለመኖሩ ግን ልጅን ከትምህርት ገበታ የሚያስቀር ምክንያት ሊሆን አይገባም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከቱ ጉዳዮች የልጁ ጥቅም በቀደምትነት እንዲታይ ይደነግጋል። ዲጂታል ቅጽ ባዶ ሳጥን አላልፍም ሲል፣ ማሽኑ የከለከለውን ልጅ ሰው ሊያስገባው ይገባል፤ «ማስረጃ በሂደት ላይ» የሚል አማራጭ የሌለው ቅጽ ያልተሟላ ቅጽ ነው።

ይህ በተለይ የተፈናቀሉ ቤተሰቦችን ይመለከታል። በሰሜኑ የሀገሪቱ ክፍል በነበረው ጦርነት በርካታ ትምህርት ቤቶች ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ወረቀት ሲቃጠል የስንት ዓመት ሮስተር አብሮ ይቃጠላል። ስምንተኛ ክፍል መድረሱን ልጁ፣ ወላጁና መምህሩ ያውቁታል፤ የሚመሰክር ወረቀት ግን የለም። ከአንድ በላይ ቦታ የሚቀመጥ ዲጂታል መዝገብ ትልቁ ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። እስከዚያው ወላጆች በእጃቸው የቀረውን ማናቸውንም ወረቀት፣ የአንድ ሴሚስተር የውጤት ካርድም ቢሆን፣ ጥለው እንዳይሄዱና በስልክ ፎቶ እንዲያነሱት ይመከራል።

ስልክም ኮምፒውተርም የሌለው ወላጅ

ዲጂታል ምዝገባ ማለት እያንዳንዱ ወላጅ በራሱ ስልክ ቅጽ ይሞላል ማለት አይደለም። ወላጅ እንደወትሮው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ መረጃውን ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ታብሌት የሚያስገባው መዝጋቢው ነው። መብራት ወይም ኔትወርክ በሌለበት አካባቢ መረጃው በመሣሪያው ላይ ተቀምጦ ግንኙነት ሲገኝ እንዲላክ ማድረግ ይቻላል፤ በወረቀት ተሞልቶ በወረዳ ማዕከል የሚገባበት መንገድም እንዲሁ። የመጨረሻው አማራጭ አንድ ተጨማሪ ግልበጣ ስለሚጨምር መጨረሻ ላይ ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር ግድ ይላል።

ማንበብ ለማይችል ወላጅ መዝጋቢው የጻፈውን ጮክ ብሎ ሊያነብለት ይገባል፤ ስሙን፣ ቀኑን፣ ስልክ ቁጥሩን። «ትክክል ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ያላዩትን ትክክል ነው ማለት አይቻልምና። ከተሞላው ቅጽ አንድ የታተመ ቅጂ ወይም ቢያንስ የተማሪው መለያ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ከትምህርት ቤቱ ተቀብሎ መሄድ ጠቃሚ ነው። ምዝገባ እንዲያከናውንላቸው ለሌላ ሰው ገንዘብ የሚከፍሉ ወላጆች ደግሞ፣ ቅጹ ላይ የተሞላው ስልክ ቁጥር የራሳቸው እንጂ የደላላው አለመሆኑን ያረጋግጡ።

እርማትና የግል መረጃ ጥበቃ

ስህተት የሚታረምበት ጊዜ በቀረበ ቁጥር ሥራው ይቀላል። በምዝገባው ሰሞን የተገኘ የፊደል ስህተት ርዕሰ መምህሩ ባሉበት የልደት ሰርተፍኬቱን በማሳየት ይስተካከላል። ውጤት ከወጣ፣ ካርድ ከታተመ በኋላ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጽሑፍ ማመልከቻ፣ አንዳንዴም የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጠየቃል። የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ተፈታኞች ምዝገባ በበይነ መረብ መካሄድ ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፈተናው ራሱ ለተወሰኑ ተማሪዎች በበይነ መረብ ተሰጥቷል። ተፈታኙ በምዝገባው ወቅት ያላረመው ስም በውጤቱ፣ በዩኒቨርሲቲ ምደባውና በሰርተፍኬቱ ላይ ይታተማል። ስለዚህ 6ኛና 8ኛ ክፍል የሚደርሱ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ከክልላዊ ፈተናዎቹ አስቀድመው የልጃቸውን መዝገብ ከትምህርት ቤቱ ጠይቀው ቢያዩ መልካም ነው፤ 12ኛ ክፍል እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም።

የልጆች መረጃ አያያዝም ወላጆችን ማሳሰቡ ተገቢ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማስተካከል መብት ሰጥቶታል። የጤና ሁኔታን የመሰለ መረጃ ልዩ ጥበቃ ይደረግለታል፤ የአካል ጉዳት መኖር አለመኖሩ በቅጹ ላይ የሚጠየቀው ተገቢው ድጋፍ እንዲዘጋጅ በመሆኑ ወላጆች ሳይሸሽጉ እንዲሞሉት ይመከራል፤ ይህን መረጃ ግን ከሚመለከተው ባለሙያ ውጭ ሰው ማየት የለበትም። የተማሪዎችን ስም፣ ፎቶግራፍና ስልክ ቁጥር የያዘ ዝርዝር በወላጆች የቴሌግራም ቡድን ላይ መለጠፍ ለማስታወቂያ የቀለለ መንገድ ቢመስልም ትክክለኛ አሠራር አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ወላጅ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር ወይም ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ማሳወቅ ይችላል።

ነባሮቹ መዝገቦች

ዲጂታል ምዝገባ ሲጀመር የድሮው የወረቀት መዝገብ አይጣልም። ከ20 እና ከ30 ዓመት በፊት የተማሩ ሰዎች ዛሬም ትራንስክሪፕት ሊያወጡ ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ይመጣሉ፤ ለእነርሱ ያለው ብቸኛ ማስረጃ ያ ሰፊ፣ ጠርዙ ያለቀ መዝገብ ነው። አሁን በመማር ላይ ያሉ ተማሪዎች የቀደሙ ዓመታት ውጤትም ከዚያው እየተነበበ ወደ አዲሱ ሥርዓት ስለሚገባ፣ ነባር ተማሪ ያላቸው ወላጆች የቆዩ የውጤት ካርዶችን ለምዝገባው ይዘው ቢቀርቡ የመዝጋቢውን ሥራ ያቀላሉ፤ መዝገቡና ካርዱ ባይስማሙም ልዩነቱ በዚያው ዕለት ይታያል።