ቶክሶፕላዝሞሲስ፥ ድመትና ጥሬ ሥጋ

ሴት ባረገዘች ጊዜ ድመት ከቤት ይውጣ የሚል ምክር አንዳንድ ጊዜ ይሰማል። ምክሩ ጥቂት እውነት አለበት፤ ነገር ግን ድመቲቱን አባርሮ ጥሬ ሥጋ የሚቆርጥ ቤተ ሰብ አንዱን በር ዘግቶ ሰፊውን ከፍቶ ይተዋል።

ቶክሶፕላዝማ የተባለው ረቂቅ ተሐዋሲ በ1908 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በቱኒስ ከተማ ኒኮልና ማንሶ በተባሉ ሊቃውንት ጉንዲ በምትባል አይጥ መሰል እንስሳ ተገኘ። በድመት አንጀት ውስጥ እንደሚራባ የተረጋገጠው ግን ስድሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። የተያዘች ድመት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ያህል ዘሩን ከዓይነ ምድሯ ጋር ትጥላለች። ዘሩ ወዲያው አይጎዳም፤ ለመብሰል ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። ከበሰለ በኋላ በእርጥብ አፈር ውስጥ ብዙ ወራት ይቆያል፤ ወደ አትክልትና ወደ ውኃም ይገባል። ከብቶች፥ ይልቁንም በግና ፍየል፥ ከሣር ጋር ይውጡታል፤ በሥጋቸውም ውስጥ በጥቃቅን ከረጢት ተሸሽጎ ይቀመጣል።

የሥጋው መንገድ ጎልቶ የታየው በፓሪስ ነው። ዴሞንና ባልደረቦቹ በ1965 ባሳተሙት ጥናት እንደ ተገለጸው፥ በአንድ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሕፃናት ማረፊያ ለብለብ ብቻ የተደረገ ሥጋ ለልጆቹ ይሰጥ ነበር። በዓመት ከመቶ 10 ያህል የነበረው የተያዦች ቍጥር የከብት ወይም የፈረስ ሥጋ ሲጨመር ወደ 50፥ የበግ ሥጋ ሲጨመር ወደ 100 ወጣ። ለብለብ ክትፎ ለምንወድ ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በኢትዮጵያ የተደረጉት ጥናቶች በ2015 ተጠቃለው ሲታዩ፥ ከተመረመሩት ሰዎች ከአራቱ በሦስቱ ያህል ደም ውስጥ ተሐዋሲው እንደ ገባ የሚመሰክር ምልክት ተገኝቷል።

ይህ ሁሉ ሰው ታሟል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ምንም ሳይሰማው ይኖራል። ከማርገዟ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የተያዘች ሴትም ለፅንሷ እምብዛም አያሠጋትም። የሚያሠጋው በእርግዝና ላይ ሳለች ለመጀመሪያ ጊዜ ስትያዝ ነው። ያን ጊዜ ተሐዋሲው በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የሕፃኑን አንጎልና ዓይን ሊያበላሽ፥ ፅንሱንም ሊያስወርድ ይችላል። በእርግዝናው መጀመሪያ ወደ ፅንሱ የሚያልፈው ጥቂት ጊዜ ቢሆንም ጉዳቱ ይከፋል። የሰውነታቸው መከላከያ የደከመ ሰዎችም፥ እንደ ኤድስ ሕሙማን ያሉት፥ ተኝቶ የኖረው ተሐዋሲ ነቅቶ አንጎላቸውን ያጠቃባቸዋል።

ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ሥጋ ስትበላ ውስጡ ቀይ እስከማይሆን ድረስ የበሰለ ይሁን፤ ጥሬ ሥጋ የነካው ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ሳይታጠብ ሰላጣ አይከተፍበት፤ ሰላጣውም በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ይታጠብ። አፈር የነካ እጅ እንዲሁ ነው። ድመቲቱ የበሰለ ምግብ እየተሰጣት ከቤት ብትቀመጥ ይቻላል፤ ዓይነ ምድሯን ግን በየቀኑ፥ ዘሩ ሳይበስል፥ ከነፍሰ ጡሯ በቀር ሌላ ሰው ይጥረግ።