ለአእምሮ የታዘዘ የአንጀት መድኃኒት

የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በገዳማቱና በቡና ደኑ የታወቀውን ያህል፣ በሕክምና ተመራማሪዎች ዘንድ የአንጀት ቢልሃርዚያ ከሚበዛባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ ይታወቃል። ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በጣና ውሃ ውስጥ የሚዋኘው የበሽታው ትል እጭ የዋናተኛውን ወይም የዓሣ አጥማጁን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ አድጎ የሚጥላቸው እንቁላሎችም ጉበት ውስጥ እየተቀረቀሩ በደም ሥሮች ዙሪያ ጠባሳ ያበጃሉ። ይህ ጠባሳ ወደ ጉበት የሚገባውን ደም ግፊት ከፍ ቢያደርግም የጉበት ሕዋሳትን ሥራ ብዙውን ጊዜ ስለማያሰናክል፣ ሄፓታይተስ ቢ ወይም አልኮል ከሚያስከትለውና መላውን ጉበት ከሚያኮማትረው ሲሮሲስ ይለያል። አእምሮን የሚያውከው በዋናነት ሲሮሲሱ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ደግሞ አደጋው ይብሳል።

የአንጀት ባክቴሪያዎች ፕሮቲን ሲያፈርሱ አሞኒያ የተባለ መርዛም ውህድ ይፈጠራል። ጤናማ ጉበት ይህን ወደ ዩሪያ ለውጦ በሽንት እንዲወገድ ያደርጋል፤ የተጎዳው ጉበት ግን ይህን ስለማይችል፣ ደሙም በጎን ደም ሥሮች ጉበትን አልፎ ስለሚሄድ፣ አሞኒያው አንጎል ይደርስና የነርቭ ደጋፊ ሕዋሳትን ያሳብጣል። ሕመምተኛው ቀን ያንቀላፋል፣ ሌሊት ይነቃል፣ ንግግሩ ይዘባረቃል፣ የዘረጋው እጁ ይርገበገባል፤ ሲብስም ራሱን ይስታል።

እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ላክቱሎስ አንጀት የማይመጠው ጣፋጭ ሽሮፕ ሲሆን፣ ባክቴሪያዎቹ ወደ አሲድ ሲለውጡት አሞኒያውን የአንጀትን ግድግዳ ማለፍ ወደማይችል ቅርጽ ይቀይረዋል፤ ሰገራውንም አለስልሶ ያስወጣዋል። መጠኑ የሚስተካከለው በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ እንዲኖር ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ የሚመጣው ተቅማጥ የሰውነትን ውሃ አሟጥጦ ሕመሙን ራሱን ይቀሰቅሳል። ብዙ ሕመምተኞች ሽሮፑን የሚያቋርጡት ጣዕሙና ሆድ መንፋቱ ሰልችቷቸው ስለሆነ፣ ሐኪም ይህን አስቀድሞ ማስረዳት አለበት።

ሁለተኛው መድኃኒት ሪፋክሲሚን ከአንጀት ብዙም ሳይወጣ ባክቴሪያዎቹን የሚገታ ፀረ ተሕዋስያን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የ299 ሕመምተኞች ጥናት፣ አብዛኞቹ ላክቱሎስም እየወሰዱ፣ በስድስት ወር ውስጥ ሕመሙ የተመለሰባቸው ሪፋክሲሚን ከወሰዱት 22 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት ግን 46 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ዋጋው ውድ ነው፤ በምትኩ አንዳንዴ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞልም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ነርቭን ይጎዳል።

ይሁን እንጂ ቀስቃሹ ካልተገኘ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም። ሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን፣ ከመጠን ያለፈ የሽንት ማሸኛና በተለይም ካበጡ የምግብ ቧንቧ ደም ሥሮች ፈስሶ አንጀት ውስጥ የሚፈጨው ደም ዋነኞቹ ቀስቃሾች ናቸው። ሕመምተኛውን ፕሮቲን መከልከልም ጡንቻውን ስለሚያሟሽሸው የዛሬው ሕክምና አይደግፈውም። የጉበት ሕመምተኛ ድንገት ሲቀባዥር ቤተሰቡ የማስተኛ ክኒን ከመስጠት ይቆጠብ፤ ሳይዘገይም ባሕር ዳር ወዳሉት ሆስፒታሎች ያድርሰው።