ከማሽኑ በፊት ካቻቢቴ

ከራቤል ተነሥቶ ምህንድስና ሊማር የሚሄድ የመንዝ ልጅ ባዶ እጁን አይሄድም። የበግ ጠጉር ተነድፎ፣ ተፈትሎና ተሸምኖ ባና ሲሆን፣ የጓሳ ሣር ከርሮ ገመድ ሲወጣው እያየ ያደገ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው በጋራ ኮርሶች ስለሚያልፍ፣ ካቻቢቴ ሳይጨብጥ ዓመት ሊሞላው ይችላል። በ2000 ዓ.ም. ከመቶ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲያጠና ሲወሰን የምህንድስና ክፍሎች በተማሪ ሞሉ፤ ሞርሳና ትራፓኖ ግን ከተማሪ ጋር አብረው አይመዘገቡም። ስለዚህ ለጀማሪዎች የፕሮጀክት ወርክሾፕ ይደራጅ ከተባለ፣ ገንዘቡ ለአንድ ውድ ማሽን ሳይሆን ለብዙ ርካሽ መሣሪያ ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ።

ምክንያቱን አንዲት ትንሽ መብራት ታሳያለች። 2 ቮልትና 20 ሚሊአምፔር የምትፈልግ ኤልኢዲ በ9 ቮልት ድንጋይ ሊያበራ የተነሣ ተማሪ፣ ስሌቱ 350 ኦኸም ረዚስተር ይለዋል። ሳጥኑን ሲከፍት ግን በብዛት የሚያገኘው 330 እና 390 ነው። በመጀመሪያው ወደ 21፣ በሁለተኛው ወደ 18 ሚሊአምፔር ያልፋል። ትድመቅ ወይስ ዕድሜዋ ይርዘም? ቆራጩ እሱ ነው፤ ምህንድስናም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ማሽን ከብበው የቆሙ 40 ተማሪዎች የሚያዩት የአስተማሪውን ጀርባ ብቻ ነው።

«ኮምፒውተር ላይ መሞከር አይበቃም?» የሚል ይኖራል። ለስሌቱ ይበቃል፤ እዚያ ግን ሽቦ አይላላም፣ ድንጋይም ካልታዘዘ አይደክምም። «ጀማሪ ዕቃ ይሰብራል» የሚለው ተቃውሞ ይከብዳል፤ እውነት ነውና። የቴስተሩን ገመድ አምፔር ቀዳዳ ላይ ረስቶ ቮልት የሚለካ ፊውዝ ያቃጥላል። መድኃኒቱ ግን ቴስተሩን ቆልፎ ማስቀመጥ ሳይሆን መለዋወጫ ፊውዝ አብሮ መግዛት ነው። ችግሩ፣ የተቆለፈ ማሽን በንብረት መዝገብ ላይ ያምራል፤ አላቂ ዕቃና ቋሚ ቴክኒሻን ግን በየዓመቱ በጀት ይጠይቃሉ።

የውጭ ምንዛሪ እጥረት? የመጀመሪያው ፕሮጀክት ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ባይፈልግስ። አራት ተማሪዎች የጓሳ ገመድ ላይ ባልዲ አንጠልጥለው፣ አሸዋ እየመዘኑ ይጨምሩበት። በስንት ኪሎ ተበጠሰ? በውፍረት እኩል የሆነው ሌላኛው ለምን ቀደመው? ሚዛን፣ ባልዲና ደብተር ይበቃቸዋል፤ ባልዲው ሲወድቅ እግር የማይገኝበት ቦታ ጭምር።