ቢግ ቴንን ቀጥሎ የሚቀላቀለው ማን ነው? መልሱ ሜዳ ላይ አይገኝም

ሲያትል፣ ሎስ አንጀለስ ወይም ሜሪላንድ የምትኖሩ ተከታታዮቻችን ከልጆቻችሁ አፍ "ቢግ ቴን" የሚለውን ስም ሳትሰሙ አትቀሩም። የዋሽንግተን፣ የዩሲኤልኤ እና የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ በአንድ ኮንፈረንስ ውስጥ ናቸው። ስሙ "ትልልቆቹ አስር" ይላል፤ አባላቱ ግን 18 ደርሰዋል። (ተፎካካሪው "ቢግ 12" ደግሞ 16 አባላት አሉት። ቁጥሩን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም።) አሁን ብዙዎች የሚጠይቁት 19ኛውና 20ኛው እነማን ይሆናሉ የሚለውን ነው።

ኮንፈረንስ ሲባል እዚህ ላይ ስብሰባ ማለት አይደለም። እርስ በርስ የሚጋጠሙና የቴሌቪዥን ገቢያቸውን የሚካፈሉ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ነው። ቢግ ቴን ቺካጎ ውስጥ በ1896 ተመሠረተ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሀብት የሚፎካከረው የደቡቡ ኤስኢሲ ብቻ ነው። እኛ እንደምናውቀው ሊግ ግን ወራጅና አዳጊ የለውም። ዋንጫ ስለበላህ አትገባም፣ መጨረሻ ስለወጣህም አትባረርም። የሚገባው የተጠራ ብቻ ነው። የሚጠሩትም አሰልጣኞች አይደሉም፤ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች ናቸው።

ታዲያ ምን አይተው ነው የሚጠሩት? ረትገርስን እንመልከት። ይህ የኒው ጀርሲ ዩኒቨርሲቲ በ2014 ከሜሪላንድ ጋር ሲገባ በፉትቦል ይህን ያህል የሚፈራ ቡድን አልነበረም። ነገር ግን የሚገኘው ኒው ዮርክ ደጃፍ ላይ ነው፤ ሜሪላንድ ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ ደጃፍ ላይ። ቢግ ቴን በ2007 የራሱን የቴሌቪዥን ጣቢያ ከፍቶ ነበርና በእነዚህ ከተሞች ያለው እያንዳንዱ የኬብል ደንበኛ ገንዘብ ነበር። ስለዚህ የተጋበዘው ቡድኑ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም።

ዛሬ ኬብል እየቀረ ስለሆነ ስሌቱ ትንሽ ተቀይሯል። አሁን የሚታየው ስንት ቤት አለ የሚለው ሳይሆን ስንት ሰው ጨዋታውን ቁጭ ብሎ ያያል የሚለው ነው። ቢግ ቴን በ2022 ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር የፈረመው የሰባት ዓመት ውል ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። ይህ ገንዘብ የሚካፈል ነው። ወደ ማዕዱ አዲስ ሰው ሲቀርብ እንጀራ ይዞ ካልመጣ የነባሩ ድርሻ ያንሳል። ለዚህም ነው ኦሪገንና ዋሽንግተን በ2024 ሲገቡ የነባሮቹን ግማሽ ያህል ድርሻ ብቻ ለመውሰድ የተስማሙት። ኤስኤምዩ የተባለው የዳላስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኤሲሲ ወደተባለው ሌላ ኮንፈረንስ ለመግባት ሲል ለዘጠኝ ዓመት የቴሌቪዥን ገንዘብ አልፈልግም ብሏል። አዎ፣ ዘጠኝ ዓመት!

ሁለተኛው መስፈርት ትምህርት ነው። ኤኤዩ የሚባል የታላላቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር አለ። ከ18ቱ የቢግ ቴን አባላት ውስጥ በዚህ ማኅበር የሌለው ኔብራስካ ብቻ ነው። እሱም ወደ ቢግ ቴን ሲጋበዝ አባል ነበር፤ ከማኅበሩ የወጣው በ2011 ነው።

በእነዚህ ሁለት ወንፊቶች ስናጣራ ዓይን የሚያርፈው ኤሲሲ ላይ ነው። ፍሎሪዳ ስቴትና ክሌምሰን ተመልካች ይስባሉ፤ ግን የኤኤዩ አባል አይደሉም። ኤስኢሲም ቢሆን ፍሎሪዳና ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ አባል ስላለው እነሱን ለመጥራት አይቸኩልም። ኖርዝ ካሮላይናና ቨርጂኒያ ግን ሌላ ናቸው። ሁለቱም ኤኤዩ ውስጥ የቆዩ ናቸው፤ በሁለቱም ግዛቶች ቢግ ቴንም ሆነ ኤስኢሲ እስካሁን አንድም አባል የላቸውም። ገምቱ ብንባል እኛ የምንገምተው እነዚህን ሁለቱን ነው። ለኖርዝ ካሮላይና አንድ ጣጣ አለበት፤ ከተፎካካሪው ኤንሲ ስቴት ጋር በአንድ የግዛት ቦርድ ሥር ስለሆነ ወንድሙን ጥሎ መሄድ ፖለቲካ ያስነሳል።

ኖተር ዳምስ? እሱን ሁሉም ይፈልገዋል። ኢንዲያና ውስጥ፣ ቢግ ቴን መሀል የተቀመጠ ነው። በ2023 የኤኤዩ አባል ሆኗል። ግን በፉትቦል ነጻ ሆኖ መኖርን እንደ ማንነቱ ያያል፤ ከ1991 ጀምሮ ከኤንቢሲ ጋር የራሱ ውል አለው። በ1999 ቢግ ቴን በሩን ከፍቶለት እምቢ ብሏል።

ታዲያ ለምን ዛሬ አይሄዱም? ውል ይዟቸዋል። የኤሲሲ የቴሌቪዥን ውል እስከ 2036 ነው። ፍሎሪዳ ስቴትና ክሌምሰን ፍርድ ቤት ሄደው በመጋቢት 2025 በስምምነት ጨረሱ። በስምምነቱ መሠረት መውጫ ቅጣቱ ከ165 ሚሊዮን ዶላር ተነስቶ በየዓመቱ 18 ሚሊዮን እየቀነሰ በ2030-31 ወደ 75 ሚሊዮን ይወርዳል። የቢግ ቴን ውል የሚያበቃውም በ2029-30 ነው። ሁለቱ ቀኖች መገጣጠማቸውን ልብ በሉ። ከዚያ በፊት የሚወራው አብዛኛው ወሬ ነው።

ዋጋውን የሚከፍሉት ግን ልጆቹ ናቸው። ከሲያትል እስከ ረትገርስ 3,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጆሃንስበርግ ለመድረስ ትንሽ የቀረው ርቀት ማለት ነው። ፉትቦል በሳምንት አንዴ ስለሚጫወት ይችለዋል። የቮሊቦልና የሴቶች እግር ኳስ ተጫዋቾች ግን በሥራ ቀን በረው፣ ተጫውተው፣ ሦስት ሰዓት በሚለያይ የጊዜ ቀጠና ተመልሰው ክፍል መግባት አለባቸው።

ያልተጠሩትም አሉ። ፓክ-12 ከ1915 ጀምሮ የነበረ ኮንፈረንስ ነው። በ2024 አሥር አባላቱ በአንድ ክረምት ሲሄዱ ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻቸውን ቀሩ። ያን ያህል ያጠፉት ነገር አልነበረም፤ ከተሞቻቸው ትንንሽ ናቸው። ከ2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው (በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር) በቀጥታ መክፈል ስለተፈቀደላቸው፣ ውጭ የቀረ ትምህርት ቤት ልጆቹን ይዞ ማቆየት ይበልጥ ይከብደዋል።

ስለዚህ ልጃችሁ በ2027 ከኤሲሲ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የስፖርት ስኮላርሺፕ ከቀረበለት፣ የመጨረሻ ዓመቱ 2030 እና 2031 ላይ ይወድቃል። ከመፈረማችሁ በፊት አሰልጣኙን ጠይቁት፤ ያኔ የት ነው የምትጫወቱት? ኮንፈረንስ ከቀየራችሁ የእሱ ስፖርት ይቀጥላል ወይስ ይቆረጣል?